የአግዳሚው እንጨት አቧራ

የገደለሽ በዳዳ ነው።

ልጄ ለሊሴ፣ ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። «መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል» ብለሽኝ ነበር። ግን ይህችን አንዲት መስመር ሰባት ወር በአፌ ይዣት ስለኖርኩ፣ እሷን ሳልተፋ ሌላው አልወጣ አለኝ። አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽ የኔ እናት? ደረትሽ ተከፈተልሽ? እዚያስ እንደ ልብሽ ትተነፍሻለሽ?

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። መንፈቅሽን ካወጣን በኋላ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመለሰ። እኔ ወዴት እንደምመለስ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱን ትቻለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት በሠራሁበት ደጅ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው። ጠረጴዛሽ፣ ላፕቶፕሽ፣ ጋቢሽ እንደነበሩ አሉ። ቤቱ ውስጥ የጎደለው ድምፅ ሳልሽ ነው። ሰው የልጁን ሳል ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ስትስዪ እናደድ ነበር፤ «አንገትሽን ሸፍኚ ስልሽ መቼ ትሰሚኛለሽ!» እያልኩ እጮህብሽ ነበር። አሁን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ እቀመጣለሁ። ምንም የለም።

ነገ ቅዳሜ ዕድራችን ይሰበሰባል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በዳዳ ከዕድሩ ይውጣልኝ ብዬ ከስሼ፣ ሽማግሌዎች ሁለታችንንም ሰምተው ነገ ሊወስኑ ነው። ከዕድር የወጣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት እንደሌለ ታውቂያለሽ። ሰውዬው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። እንዲያውም ስለማውቅ ነው የጠየቅሁት።

ከየት እንደጀመረ አንቺም ታስታውሻለሽ። ታኅሣሥ ነበር፤ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ መጥተሽ ሳጉሬ ገበያ አብረን ሄድን። ስንመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ዳር ኮምባይነር ስንዴ ያጭዳል። አቧራው ተነስቶ ሰማዩን ይዞታል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ፣ ከአቧራው ኋላ እንደ በሰለ ብርቱካን ቀልታ፣ ዓይን ሳታቃጥል የምትታይ ሆናለች። እኔ ደግሞ በሚኒባሱ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ዲግሪ እያልሽ የምትለኪው የሰማይ አቧራ ምን እንደሆነ አልገባኝም ብዬ ስነዘንዝሽ ነበር። ክንዴን ያዝሽና ወደ እርሻው ገባሽ። «እማዬ፣ እይ! እኔ የምለካው ይሄንን ነው!»

በኮከብና በኮከብ መካከል ያለው ባዶ አይደለም አልሽኝ። ከጭስ የደቀቀ አቧራ አለ። የኮከብ ብርሃን በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ሰማያዊው በብዛት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቀዩ ያልፋል። አንድ ኮከብ ሊኖረው ከሚገባው መልክ ምን ያህል እንደቀላ ከታወቀ፣ በመንገዱ ምን ያህል አቧራ እንዳጋጠመው ይታወቃል። ሄዶ መጥረግ አያስፈልግም፣ መቅላቱ ይናገራል አልሽ። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ፣ «የወፍጮ ቤቱም አምፖል ዱቄት ሲበዛ ይቀላ ነበር» አልኩሽ። ሳቅሽብኝ። «አይቀላም እማዬ፣ ይደበዝዛል እንጂ። ዱቄት ወፍራም ነው፤ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚከለክለው።» «ሃያ ሦስት ዓመት ያየሁትን አምፖል አንቺ ልታስተምሪኝ!» ስልሽ ጎማ የሚፈታው ረዳት ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ሳልሽ ጀመረ። የቆምሽው አቧራው ውስጥ ነበር። ልታሳዪኝ ነበር የገባሽው።

ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽሽ ጠበበ። በአፍሽ የምትስቢው መድኃኒት ሁለቴ ፉሽ ብሎ አለቀ። ባጃጅ ውስጥ ራስሽን ደረቴ ላይ አድርጌ ይዤሽ ነበር። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ክብደትሽ ተለወጠብኝ። ሹፌሩ አላወቀም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ሐኪሙ ከውስጥ ወጥቶ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ልጅ ሳለች አቧራ የሚበዛበት ቦታ ነው ያደገችው?» አለኝ። ወፍጮ ቤት አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው በዳዳ ነው። መዶሻ ይዞ፣ በወፍጮ ቤቱ መስኮት ላይ ቆርቆሮ ሲመታ።

በሦስተኛው ቀን በዳዳ ወደ ለቅሶው ድንኳን መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተነሳሁ። አንቱ እያልኩ የኖርኩትን ሰው አንተ አልኩት። «ልጄን አፍነህ ገድለህ ደግሞ ልታለቅስላት መጣህ? መስኮቱን የደፈንክባት አንተ አይደለህም?» በዳዳ ቆመ፤ ባርኔጣውን አላጠለቀም። «እግዜር ያጽናሽ አስካለ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሴቶቹ እህላቸውን ወደ ሌላ ወፍጮ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ይውላል አሉ። ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

አባትሽ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሥራ የሰጠኝ በዳዳ ነበር፤ አንቺንም ይዤ እንድገባ የፈቀደልኝ እሱ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስተኝቼሽ እሠራ ነበር። ማሽኑ ሲጮህ ትተኛለሽ፣ ሲቆም ትነቂያለሽ። ስታድጊ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምትመጪው እዚያው ነበር።

ከማሽኑ በላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት ታስታውሺዋለሽ? ጠዋት ጠዋት ስለምጠርገው የዕለቱ አቧራ ብቻ ነበር የሚያርፍበት። ልንዘጋ ስንል ጣቴን አንዴ አስኬድበትና ስንት ኩንታል እንደተፈጨ እናገር ነበር። በዳዳ ደብተሩን ደረቱ ላይ ደብቆ፣ «እሺ አስካለ፣ ዛሬስ?» ይለኛል። «አሥራ ስምንት።» ደብተሩን ያይና «ይቺ ሴትዮ ጠንቋይ ናት፣ ከቤቴ አስወጡልኝ!» ብሎ ይስቃል። አንቺ አምስተኛ ክፍል ሆነሽ እንዴት እንደማውቅ ጠየቅሽኝ። ብዙ ሲፈጭ ብዙ ይበናል፣ ምኑ ይከብዳል አልኩሽ። አንቺ ግን በጣት አልበቃሽም። አቧራውን በወረቀት ጠርገሽ በሻይ ማንኪያ እየሰፈርሽ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርሽ። እኔ ያን ጊዜ ፊደል የሚባል አላውቅም፤ ደመወዝ የምቀበለው በአውራ ጣቴ ፈርሜ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ፣ እኔ የቤት ሥራ ይመስለኛል።

ካደግሽ በኋላ ነው የነገርሽኝ። በሰማይም እንደዚያው ነው አልሽ። ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ አለ፤ ከሁሉ ነገር የቀለለ፣ ከሁሉ ነገር የበዛ። ለዓይን አይታይም፣ ግን እንደ ራዲዮ ጣቢያ የራሱ ድምፅ አለው፤ ትልልቅ የብረት ሳህኖች ያንን ይሰማሉ። አቧራው እጥፍ በሆነበት ጋዙም እጥፍ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት፤ በክብደት አቧራው ከጋዙ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዱን የለካ ስለ ሌላው ያውቃል። «ይሄንን እኮ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ከአግዳሚው እንጨት ነው የተማርኩት» ስትዪ የኮራሁትን ኩራት አንቺ አታውቂውም። አላሳየሁሽም። «በይ ምሳሽን ብዪ» ነው ያልኩሽ።

ከዚያ ማስመሪያ አወጣሽ። የዚያ ጋዝ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው አልሽና እጄን ይዘሽ ስንዝሬን ማስመሪያው ላይ ዘረጋሽው። ልክ ሃያ አንድ ሆነ። ብድግ ብለሽ አጨበጨብሽ። «እማዬ፣ የሰማዩ ጋዝ በአንቺ ስንዝር ነው የሚናገረው!» ከዚያን ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ በስንዝር እለካለሁ። ጠረጴዛሽ ስድስት ስንዝር ነው። የሬሳ ሳጥንሽን ሰው ሳያየኝ ለክቼዋለሁ። ስምንት ከግማሽ ነው።

ፊደል ያስቆጠርሽኝ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ካሌንደር ገልብጠሽ በጀርባው ከሀ እስከ ፐ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጠፍሽልኝ። አፈርኩ፤ ጎረቤት ሲመጣ ነጠላዬን እሰቅልበት ነበር። አንቺ ግን አልተውሽኝም። በስልክ መልእክት ትልኪና ደውለሽ «ምን ይላል?» ትዪኛለሽ። አንድ ቀን «ዛሬ እንጀራው ኮምጣጣ ነው» የሚለውን ብቻዬን አንብቤ በመንደሩ ዞርኩ። ምን ላድርግ፣ ለኔ ታላቅ ነገር ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አብራሽ የምትማረው ሐና ደወለችልኝ። ሥራሽን እሷ ልትጨርሰው ነው፤ ስምሽ ከፊት ይጻፋል ብላኛለች። ስለዚያ በኮከቦች መካከል ስላለው፣ ስለ ተቸገርሽበት የአቧራና የጋዝ ደመና የጻፍሽበትን ሰማያዊ ደብተር ፈልጊልኝ አለችኝ። የትኛውን እንደሆነ አወቅሁ። ሌላው ቦታ ሁሉ ልኩን ጠብቆ ሳለ፣ እዚያ አቧራው ብዙ፣ የጋዙ ድምፅ ግን ትንሽ ነበር። ያን ጊዜ «ታዲያ ጋዝ የለማ» ስልሽ፣ «አለ እማዬ» አልሽኝ። ጋዙ በደመናው ብርድ ውስጥ፣ አቧራው ላይ እያረፈ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲያያዝ ያንን ድምፁን ይተዋል። ድምፅ ማጣቱ አለመኖሩ አይደለም። መኖሩን የሚያሳብቅበት አቧራው ነው። ዝም ያለው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነበር የምትደክሚው።

የቆርቆሮ ሳጥንሽን ከፈትኩ። ሰማያዊውን አግኝቼ ለሐና ላክሁላት። ከሥሩ ግን ሌላ ነበር፤ ሽፋኑ የተቀደደ የአምስተኛ ክፍል ደብተር። ከገጾቹ መካከል አሁንም ዱቄት ይረግፋል። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ አነበብኩት። አሥር ኩንታል፣ አንድ ማንኪያ። ሃያ ኩንታል፣ ሁለት ማንኪያ። አሥራ አምስት ኩንታል፣ አንድ ተኩል። ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ላይ፦ አሥር ኩንታል፣ ሁለት ማንኪያ ተኩል። ከሥሩ በልጅ እጅሽ ጽፈሻል።

«ዛሬ እማዬ መስኮቱን በማዳበሪያ ዘጋችው። እህሉ ያው ነው፣ አቧራው ግን በዛ። ጋሽ በዳዳ ጢቾ ለቅሶ ሄደዋል።»

ከሁለት ገጽ በኋላ፦ «ጋሽ በዳዳ መጡ። ክፈቺው፣ ልጅቷ ትስላለች አሉ። እማዬ ዱቄቱን ንፋስ ይወስደዋል፣ ሴቶቹ ጎደለብን እያሉ ይጣሉኛል አለች።»

ከዚያ፦ «ማዳበሪያው ወደቀ። እማዬ ቆርቆሮ ይመታልኝ አለች። ጋሽ በዳዳ መቱት። አሥራ ሁለት ኩንታል፣ ሦስት ማንኪያ።»

ለሊሴ፣ እሱን ካነበብኩ በኋላ ሁሉም መጣ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በዚያ መስኮት ይገባና ዱቄቱን ያነሳው ነበር። ሴቶቹ ሲጮሁ የሚጮሁት በኔ ላይ ነበር። ንፋሱን የጠላሁት፣ መስኮቱን የዘጋሁት፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መዶሻው በእሳቸው እጅ ነበር። ምስማሩን አንድ በአንድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ «እማዬ፣ አቧራው እኮ ከእጥፍ በላይ ሆኗል» አልሽኝ። በአሥራ አንድ ዓመትሽ ለክተሽ ነገርሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? «ዝም ብለሽ የቤት ሥራሽን ሥሪ።» እና ዝም አልሽ። አሥራ አራት ዓመት ዝም አልሽ።

ፊደል ስታስቆጥሪኝ አንድ ቀን ይህን እንደማነብ አስበሽ ነበር? ደብተሩን ረስተሽው ነው ወይስ ትተሽልኝ? ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ግድግዳውን እጠይቃለሁ።

ጋሽ በዳዳ እንኳ አልተናገሩም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሲጠይቋቸው «እሷ ያለችው ይሁን» ብቻ ነው ያሉት። ጥፋታቸውን አምነው መስሎኝ ነበር። ልጇን የቀበረች ሴት ላይ ይህን መመለስ ስላልቻሉ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንቺም እሳቸውም አወቃችሁ፣ ሁለታችሁም ዝም አላችሁ። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ብቻ ነኝ ስጮህ የከረምኩት።

አሁን በምን ልኑር? እሳቸውን ስጠላ ጠዋት እነሳ ነበር። ጥላቻው ነበር ጫማዬን የሚያስጠልቀኝ፣ ዕድር የሚወስደኝ፣ እህል የሚያስቀምሰኝ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ደብተሩን ይዤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኔ በቀር ያነበበው የለም። ባቃጥለው ነገ በዳዳ ይወጣሉ፣ እኔም የተበደለች እናት ሆኜ እቀራለሁ። ሽፋኑን እሳቱ ላይ አስጠጋሁት፤ ጫፉ ጠቆረ። ከዚያ «ሁለት ማንኪያ ተኩል» የሚለውን አየሁ። አራሚ የለሽ፣ ማርክ የሚሰጥሽ የለ፣ ማንም ሳያዝሽ ተኩሏን እንኳ ሳትደብቂ ጽፈሻል። መለስኩት። እጄ ተቃጥሏል፤ ትንሽ ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ይቅር እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ከመሞትሽ በፊት ራሱ ይቅር ብለሽኝ ጨርሰሻል፤ ከጎኔ ተቀምጠሽ «ሀ በዪ፣ ሁ በዪ» ስትዪኝ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተሽኝ ቢሆን! ያን ቁጣሽን ይዤ እኖር ነበር።

ነገ ደብተርሽን ይዤ ዕድር እሄዳለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ቆሜ በራሴ አንደበት አነበዋለሁ። በሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብሰናከል ጣቴን አስደግፋለሁ። በጋሽ በዳዳ ላይ የከፈትኩትን የሰው አፍ እዘጋዋለሁ አልልም፣ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይገባም። ግን ሲሞቱ ድንኳናቸው ይተከላል። ከሴቶቹ ፊት ቆሜ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

የአንቺን ነገር ደግሞ አልረሳም። ሐና ደመናውን ለክታ ስትጨርስ፣ ዝም ያለው ስንት እንደሆነ ንገሪኝ ብያታለሁ። ቁጥሩ ባይገባኝም በቃሌ እይዘዋለሁ። ስንዝሬም እስክሞት ድረስ ሃያ አንድ ነው። ሰማይ ባየሁ ቁጥር እጄን እዘረጋለሁ።

የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ልፍቀው ነበር። ትዝ አልሽኝ። ፊደል ስሳሳት ላጲስ ስፈልግ እጄን ይዘሽ፣ የተሳሳተ ልኬት አይፋቅም እማዬ፣ አንድ መስመር ተሰምሮበት ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የት እንደተሳሳትን እንዲታወቅ ትዪኝ ነበር። ስለዚህ «በዳዳ» በሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከጎኑ «አስካለ» ብዬ ጻፍኩ። ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል።

አሰላ ዝናብና ብርድ ነው። ንፋሱ ከጭላሎ እየወረደ ነው፤ ወረቀቱን በክርኔ ይዤ ነው የምጽፍልሽ። ይግባ። ከእንግዲህ ጋሽ በዳዳን አልከስም። ከእንግዲህ መስኮት አልዘጋም።